የሚያረጀው ሸክላ፦ ጨረራ በኒውክሌር ነዳጅ የሙቀት ጎዳና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በዓለም ላይ ካሉት የኒውክሌር ኃይል ማመንጫዎች አብዛኞቹ የሚጠቀሙበት ነዳጅ በዘሩ የሸክላ ወገን ነው። ዩራኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ይህ ቁስ አንድ የዩራኒየም አቶም ከሁለት የኦክስጅን አቶሞች ጋር ተጣምሮ የሚፈጥረው ውሁድ ነው። በመጀመሪያ እንደ ደቀቀ ዱቄት ተዘጋጅቶ፣ በመጭመቂያ ቅርጽ ይዞ፣ ከዚያም 1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ተተኩሶ የሚጠነክር በመሆኑ፣ አሠራሩ ጭቃ አቡክታ፣ ቅርጽ ሰጥታና በእሳት ተኩሳ ዕቃ ከምታወጣው ሸክላ ሠሪ ሙያ በመሠረተ ሐሳቡ አይርቅም። ከምድጃው የሚወጣው ጥቁር እንክብል ቁመቱ 1 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 5 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከ300 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ እንክብሎች ከዚርኮኒየም ቅይጥ በተሠራ 4 ሜትር ገደማ በሚረዝም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ተደርድረው አንድ የነዳጅ ዘንግ ይሆናሉ።

በሪአክተሩ፣ ማለትም በኒውክሌር ማብለያው ውስጥ፣ ከእያንዳንዱ እንክብል መሐል የሚነሣው ሙቀት ውሃው ዘንድ ለመድረስ በሸክላው ውስጥ የሚጓዘው መንገድ 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በዚህች አጭር መንገድ ላይ የሙቀቱ መጠን በብዙ መቶ ዲግሪ ስለሚለዋወጥ፣ የእንክብሉ ጠርዝ 400 ወይም 500 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት መሐሉ ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የማመንጫው ደኅንነት በብዙ መልኩ የሚወሰነው ሙቀቱ ይህችን መንገድ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፋት በማወቅ ላይ ነው። ችግሩ መንገዱ እንደ ተሠራበት ቀን የማይቆይ መሆኑ ነው፤ ነዳጁ ሥራውን በሠራ ቁጥር ጨረራው የገዛ ራሱን የውስጥ መዋቅር ስለሚያናጋው፣ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል። ስለዚህ የኒውክሌር ነዳጅ ሊመዘን የሚገባው ከምድጃ ሲወጣ በነበረው ጠባይ ሳይሆን በደረሰበት ዕድሜ ባለው ጠባይ ነው።

ነዳጁ ሸክላ እንዲሆን የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ብረት የሆነው ንጹሕ ዩራኒየም ሙቀትን በጥሩ ሁኔታ ቢያስተላልፍም፣ 1,132 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ በጨረራ ብዛት ያብጣል፣ ቱቦው ቢቀደድም ከሞቀ ውሃ ጋር አጥብቆ ይዋሐዳል። ዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ግን እስከ 2,850 ዲግሪ ገደማ ሳይቀልጥ ይቆያል፣ ከውሃም ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ለዚህ ጥንካሬ የሚከፈለው ዋጋ ሙቀትን አሳልፎ ለመስጠት ዳተኛ መሆኑ ነው። በሸክላ ድስት የቀረበ ሽሮ ከእሳት ከወረደ በኋላም ሲንተከተክ እንደሚቆይ ሁሉ፣ የሸክላ ነዳጅም የያዘውን ሙቀት በቶሎ አይለቅም፤ ይህ ጠባዩ በኋላ እንደሚታየው በአደጋ ጊዜ ከባድ ትርጉም አለው።

ሙቀት በሸክላ ውስጥ የሚጓዘው እንዴት ነው?

እንደ መዳብ ባሉ ብረቶች ውስጥ ሙቀትን በዋነኛነት የሚሸከሙት እንደ ልብ የሚዘዋወሩ ኤሌክትሮኖች ናቸው። በዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ በአቶሞቻቸው ዘንድ ታስረው ስለሚኖሩ፣ የሙቀት ተሸካሚነቱን ሥራ የሚይዘው የአቶሞቹ የራሳቸው መርገብገብ ነው። ክሪስታል በሚባለው ሥርዓት ባለው ድርድር ውስጥ አቶሞች በእኩል ርቀት ተሰልፈው፣ እርስ በርስም በኬሚካዊ ትስስር ተያይዘው ይቆማሉ። በአንድ ጫፍ ያለው አቶም በሙቀት ምክንያት ሲርገበገብ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ጎረቤቱም የሚቀጥለውን ይገፋል፣ እንዲህ እያለ መርገብገቡ በሞገድ መልክ ወደ ሌላው ጫፍ ይደርሳል። የፊዚክስ ሊቃውንት ይህንን የመርገብገብ ሞገድ ፎኖን ይሉታል።

ለደቦ ሥራ በአንድ መስመር ቆመው ድንጋይ የሚቀባበሉ ሰዎችን ማሰብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሰልፉ የተስተካከለና ተሰላፊዎቹ በአቅም የተመጣጠኑ ከሆኑ ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ አንድ ሰው ከመሐል ቢጎድል፣ ወይም ሥራውን የማያውቅ እንግዳ በሁለት ሰዎች መካከል ቢገባ፣ ቅብብሎሹ እዚያው ይደናቀፋል። ፎኖንም እንዲሁ ነው፤ ድርድሩ ያልተዛባ በሆነበት ሁሉ ረጅም መንገድ ሳይበተን ይሄዳል፣ ጉድለት ወይም ባዕድ አቶም ባጋጠመው ጊዜ ግን ወደየአቅጣጫው ይበተናል።

ጉድለት በሌለበት ንጹሕ ክሪስታል ውስጥ እንኳ ፎኖኖች እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ቁሱ በሞቀ መጠን ፎኖኖቹ ስለሚበዙ ግጭቱም ይበረታል። አንድ ቁስ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ የሚለካው 1 ሜትር ውፍረትና 1 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አካል በሁለቱ ፊቶቹ መካከል የ1 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር ስንት ዋት እንደሚያሳልፍ በመቁጠር ነው። በዚህ ሚዛን መዳብ 400 ገደማ ሲያስመዘግብ፣ አዲስ የዩራኒየም ዳይኦክሳይድ እንክብል በተራ የክፍል ሙቀት 8 ገደማ ብቻ ያስመዘግባል፤ 1,000 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከ3 በታች ይወርዳል። ከ1,700 ዲግሪ በላይ ኤሌክትሮኖችም በሥራው መሳተፍ ስለሚጀምሩ አቅሙ መልሶ ትንሽ ይጨምራል፤ ሆኖም ነዳጅ በተለመደው አሠራር እዚያ እንዲደርስ አይፈለግም።

የአቶሞች ሰልፍ ሲበተን

አንድ ኒውትሮን የዩራኒየም አቶምን እምብርት፣ ማለትም ኒውክሊየሱን፣ ሲሰነጥቀው 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ኃይል ይወጣል። ኤሌክትሮን ቮልት ለአቶሞች ዓለም የተበጀ እጅግ ትንሽ የኃይል መለኪያ ሲሆን፣ አንድ የከሰል አቶም ሲቃጠል የሚሰጠው 4 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ መሆኑን በማስታወስ የሁለቱን ርቀት መገመት ይቻላል። ከመሰንጠቁ ኃይል ከአምስት አራት እጅ በላይ የሚሆነውን ይዘው የሚፈናጠሩት የተሰነጠቀው ኒውክሊየስ ሁለት ስባሪዎች ናቸው። ስባሪዎቹ በሸክላው ውስጥ የሚጓዙት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ መቶኛ የማይበልጥ ርቀት ነው፤ ነገር ግን በዚህች ርቀት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አቶሞችን ከየቦታቸው ይነቅላሉ።

ከተነቀሉት አቶሞች አብዛኞቹ ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ ቦታቸው ወይም ወደ ሌላ ባዶ ቦታ ይመለሳሉ፤ የዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል ይህን ያህል ዱላ ችሎ ቅርጹን ሳያጣ የመቆየቱ ምስጢርም ይኸው ፈጣን መልሶ መሰለፍ ነው። ሳይመለሱ የሚቀሩት ግን ሁለት ዓይነት ጉድለት ይተዋሉ፤ አንደኛው አቶም የነበረበት ባዶ ቦታ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሌሎች አቶሞች መካከል ያለ ቦታው የተሸጎጠ አቶም ነው። የተሸጎጡት አቶሞች እየተሰበሰቡ ቀለበት መሰል እጥፋቶችን ይሠራሉ፤ ባዶ ቦታዎቹም ተገናኝተው ጥቃቅን ጉድጓዶች ይሆናሉ።

ሙቀትን በማሰናከል ረገድ ብዙ ጉዳት የሚያደርሱት፣ ሰው እንደሚገምተው ትልልቆቹ ጉድጓዶች ሳይሆኑ፣ አንድ አቶም የሚያህሉት ነጠላ ጉድለቶች ናቸው። ክብደቱ 238 የሆነ የዩራኒየም አቶም ከሰልፉ ሲጎድል የድርድሩ ሚዛን በዚያ ቦታ ይዛባል፤ በዙሪያው ያሉት ትስስሮችም ይሳባሉ ወይም ይጨመቃሉ፤ በዚያ የሚያልፍ አጭር ሞገድ ሁሉ ይበተናል። አንድ ሚሊዮን ባዶ ቦታዎች በአንድ ጉድጓድ ቢሰበሰቡ አንድ መሰናክል ብቻ ይሆናሉ፤ አንድ ሚሊዮን ነጠላ ጉድለቶች ሆነው ቢበተኑ ግን በመንገዱ ሁሉ ላይ አንድ ሚሊዮን መሰናክል ያቆማሉ።

በነዳጁ ውስጥ የሚወለዱ እንግዶች

ጨረራ የሚያደርሰው ጉዳት አቶሞችን ከቦታቸው በመንቀል አያበቃም፤ እያንዳንዱ መሰንጠቅ አንድ የዩራኒየም አቶም አጥፍቶ በምትኩ ሁለት አዳዲስ አቶሞችን ይተክላል። እንደ ኒዮዲሚየምና ላንታነም ያሉት በክሪስታሉ ውስጥ የዩራኒየምን ቦታ ይዘው ይሟሟሉ፣ ክብደታቸውና ኤሌክትሪካዊ ጠባያቸው ከዩራኒየም ስለሚለይም በሰልፉ ውስጥ እንደ እንግዳ ይቆማሉ። እንደ ሞሊብዲነም፣ ሩቴኒየምና ፓላዲየም ያሉት ደግሞ ከሸክላው ተለይተው ጥቃቅን የብረት ፍሬዎች ስለሚሆኑ፣ ለሙቀቱ መጠነኛ ድጋፍ እንጂ እንቅፋት አይሆኑም።

ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው ዜኖን የሚባለው ጋዝ ነው። ዜኖንና ባልንጀራው ክሪፕቶን ከማንም አቶም ጋር የማይጣመሩ በመሆናቸው በክሪስታሉ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ከመቶ መሰንጠቆች ግን ሠላሳ ገደማ የእነዚህ ጋዞች አቶሞች ይወለዳሉ። አቶሞቹ በነጠላ ተበትነው ሲቆዩ ፎኖንን ያሰናክላሉ፣ ሲሰበሰቡ አረፋ ይሆናሉ፣ ከእንክብሉ ሲያመልጡ ደግሞ በእንክብሉና በቱቦው መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ይጠራቀማሉ። ያ ክፍተት በመጀመሪያ የሚሞላው ሙቀትን በደንብ በሚያስተላልፈው ሂሊየም ነው፤ ዜኖን ግን ከሂሊየም ከሃያ ጊዜ በላይ የደከመ አስተላላፊ በመሆኑ፣ ከሂሊየሙ ጋር ሲቀላቀል ሙቀቱ ከሸክላው ወጥቶም ሌላ ግድግዳ ይጠብቀዋል። በዚህም እርስ በርሱ የሚመጋገብ ሰንሰለት ይፈጠራል፤ ሙቀት አላልፍ ያለው እንክብል ይሞቃል፣ የሞቀው እንክብል ተጨማሪ ጋዝ ይለቃል፣ የተለቀቀው ጋዝም እንክብሉን ይበልጥ ያሞቀዋል።

ጉዳቱ በቁጥር

የነዳጅ ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በሰጠው ኃይል ነው። አንድ ቶን ዩራኒየም 1 ጊጋዋት፣ ማለትም 1,000,000 ኪሎዋት ሙቀት ለአንድ ቀን ቢሰጥ፣ 1 ጊጋዋት ቀን በቶን ተቃጠለ ይባላል፤ እርግጥ ቃጠሎ የሚለው ቃል እዚህ ለልማድ ያህል የገባ እንጂ እንደ እንጨት እሳት ያለ ነገር የለም። የዘመኑ ነዳጅ ከሪአክተሩ የሚወጣው 50 ወይም 60 ጊጋዋት ቀን በቶን አካባቢ ሲደርስ ነው።

መሐንዲሶች በስፋት ከሚጠቀሙባቸው ቀመሮች በአንዱ ቢሰላ፣ 630 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለ አዲስ ነዳጅ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 3.7 ሲሆን፣ 60 ጊጋዋት ቀን በቶን የሰጠ ነዳጅ በዚያው ሙቀት 2.2 ገደማ ላይ ይገኛል፤ ከአቅሙ አርባ በመቶ ያህሉን አጥቷል ማለት ነው። የዚህ መቀነስ ውጤት በቀላል ስሌት ይታያል። ክብ በሆነ ዘንግ ውስጥ ከመሐል እስከ ጠርዝ ያለው የሙቀት ልዩነት፣ የዘንጉ ውፍረት ምንም ይሁን ምን፣ በአንድ ሜትር የዘንግ ርዝመት በሚመነጨው ኃይልና በቁሱ የማስተላለፍ አቅም ብቻ ይወሰናል። በአንድ ሜትር 20 ኪሎዋት የሚያመነጭ ዘንግ የማስተላለፍ አቅሙ 3 ሲሆን ልዩነቱ 530 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አቅሙ ወደ 2 ሲወርድ ልዩነቱ 800 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ያረጀ ነዳጅ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲሱ ያነሰ ኃይል እንዲያመነጭ ባይደረግ ኖሮ፣ መሐሉ ብዙ መቶ ዲግሪ በጨመረ ነበር።

ጉዳቱ በሁሉም ሙቀት እኩል አይታይም። ፎኖን የሚገጥመው ተቃውሞ የሁለት ነገሮች ድምር ነው፤ አንዱ ጉድለቶች የሚያቆሙበት መሰናክል ሲሆን፣ ሌላው ፎኖኖች እርስ በርስ የሚጋጩበት፣ ከሙቀት ጋር የሚያድግ ነው። ቁሱ ቀዝቀዝ ባለበት የእርስ በርስ ግጭቱ ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ጉድለት ጎልቶ ይሰማል፤ እጅግ በሞቀበት ግን መንገዱ ቀድሞውኑ ስለተጨናነቀ ተጨማሪው ጉድለት ያን ያህል አይታወቅም። ስለዚህ ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው ቀዝቃዛ በሆነው የእንክብሉ ውጫዊ ክፍል ላይ ነው።

እሳት የሰበረውን እሳት ሲጠግን

የዚህ ታሪክ እጅግ አስደናቂ ክፍል ጉዳቱን የሚያባብሰው ሙቀት ራሱ መድኃኒትም መሆኑ ነው። አቶሞች በበቂ ሙቀት ሲርገበገቡ ከተሸጎጡበት ወጥተው መንቀሳቀስ ይችላሉ፤ ሲንቀሳቀሱ ባዶ ቦታ ያገኛሉ፣ ባዶ ቦታ ሲያገኙም ገብተው ሰልፉን ይሞላሉ። በዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ውስጥ ይህ ፈውስ ደረጃ በደረጃ የሚካሄድ ሲሆን፣ ቀላልና ተንቀሳቃሽ የሆነው ኦክስጅን በዝቅተኛ ሙቀት ቀድሞ ይስተካከላል፣ ከባዱ ዩራኒየም ደግሞ ከፍ ያለ ሙቀት ይጠብቃል። በጀርመን ካርልስሩኸ በሚገኘው የአውሮፓ የምርምር ተቋም ክላውዲዮ ሮንኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ እስከ 100 ጊጋዋት ቀን በቶን የደረሱ ናሙናዎችን እያሞቁና እያቀዘቀዙ ሲለኩ፣ ናሙናዎቹ ከሞቁ በኋላ ካጡት አቅም የተወሰነውን መልሰው እንዳገኙ አሳይተዋል።

ፈውሱ ግን ምሉዕ አይደለም። ቦታ የሳተ አቶም ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል፤ በሰልፉ ውስጥ የገባ ኒዮዲሚየም ግን ምንም ያህል ቢሞቅ ዩራኒየም አይሆንም። ከዚህ የተነሣ በአንድ እንክብል ውስጥ የተለያየ ዕጣ ያላቸው ክፍሎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ መሐሉ በገዛ ሙቀቱ ያለማቋረጥ ሲታከም፣ ጠርዙ ቁስሉን ይዞ ይቀጥላል።

በጠርዙ ላይ ደግሞ ማንም በቀላሉ ሊገምተው የማይችል ለውጥ ይከሰታል። የእንክብሉ የመጨረሻ ጠርዝ ኒውትሮኖች ዩራኒየም 238ን ወደ ፕሉቶኒየም አብዝተው የሚለውጡበት ስፍራ በመሆኑ ከመሐሉ ይበልጥ ይቃጠላል። በዚያ ስፍራ ያለው ቃጠሎ 60 ወይም 70 ጊጋዋት ቀን በቶን ሲያልፍ፣ እያንዳንዳቸው 10 ማይክሮሜትር ገደማ የነበሩት የክሪስታል ቅንጣቶች ተሰባብረው ከማይክሮሜትር ጥቂት አሥረኛ ወደሚሆኑ እጅግ ብዙ ቅንጣቶች ይለወጣሉ፣ በመካከላቸውም በጋዝ የተሞሉ ቀዳዳዎች ይታያሉ። መልኩ ጥፋት ቢመስልም አዲሶቹ ቅንጣቶች በውስጣቸው ከጉድለትና ከተበተነ ዜኖን የጸዱ ናቸው፤ በመሆኑም ይህ መልሶ መዋቀር ቀዳዳዎቹ የሚያደርሱትን ጉዳት በከፊል ያካክሳል። ቁሱ የተሸከመው ጭንቀት ከልክ ሲያልፍ ራሱን አፍርሶ እንደገና ይሠራል ማለት ነው።

በሰከንድ ክፍልፋይ የሚነበብ ዕድሜ

ይህ ሁሉ የሚታወቀው በመለካት ሲሆን፣ ዋነኛው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1961 ፓርከርና ሦስት ባልደረቦቹ በአሜሪካ ያስተዋወቁት የብልጭታ ዘዴ ነው። ከነዳጁ 1 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስስ ክብ ተቆርጦ በምድጃ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዱ ፊቱ በሌዘር ብልጭታ ይመታል፤ በሌላው ፊቱ በኩል ያለ የሙቀት ጨረር የሚያይ መሣሪያ ሙቀቱ ምን ያህል ቆይቶ እንደደረሰ ይመዘግባል። የሌላው ፊት ሙቀት ወደ ከፍተኛው ደረጃ ግማሽ የሚደርስበት ጊዜ ለአዲስ ነዳጅ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ ለተጎዳ ነዳጅ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። የተቃጠለ ነዳጅ ሰው ሊቀርበው የማይችል ጨረራ ስለሚያወጣ፣ ቆረጣውም ሆነ ልኬቱ የሚከናወነው በወፍራም ግድግዳ በተከለለ ክፍል ውስጥ፣ ባለሙያው በእርሳስ መስታወት እያየ በሚያንቀሳቅሳቸው ሰው ሠራሽ እጆች ነው።

የካናዳ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ከመሰንጠቅ የሚወለዱትን ንጥረ ነገሮች ጨረር የሌላቸውን ዓይነቶች ከዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር ቀላቅለው በመተኮስ አስመሳይ ነዳጅ ሠርተዋል። ይህ ነዳጅ እንግዶቹ አቶሞች እንጂ የጨረራው ዱላ ስለሌለበት፣ ከእውነተኛው ያረጀ ነዳጅ ጋር ሲነጻጸር የኬሚስትሪውን ድርሻ ከመዋቅራዊው ጉዳት ለመለየት ረድቷል። በኖርዌይ ሀልደን በተራራ ውስጥ የተሠራው የምርምር ሪአክተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 እስከ ተዘጋበት ጊዜ ድረስ፣ በነዳጁ መሐል ቀዳዳ ተበስቶ በገባ የሙቀት መለኪያ አማካይነት፣ እንክብሉ ሲያረጅ መሐሉ እንዴት እየሞቀ እንደሚሄድ በሥራ ላይ እያለ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲመዘግብ ኖሯል።

እነዚህ መዛግብት በቤተ ሙከራ ብቻ አልቀሩም። የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ቀደም ባሉት ዓመታት ተቀባይነት ያገኙ አንዳንድ የስሌት ፕሮግራሞች የማስተላለፍ አቅም ከዕድሜ ጋር መቀነሱን በትክክል ስለማያስቡት የነዳጁን ሙቀት አሳንሰው ሊገምቱ እንደሚችሉ አስታውቋል። የዚህ ክብደት የሚታወቀው ማቀዝቀዣው ውሃ ድንገት የጠፋበትን አደጋ በማሰብ ነው። በዚያች ቅጽበት የኒውክሊየስ መሰንጠቁ ቢቆም እንኳ፣ በእንክብሉ ውስጥ የተከማቸው ሙቀት፣ ከእሳት እንደ ወረደው የሸክላ ድስት፣ ወደ ቱቦው መፍሰሱን ይቀጥላል፤ የክምችቱ መጠን የሚወሰነው አደጋው በደረሰበት ሰዓት ሸክላው ምን ያህል ሞቆ እንደነበረ ነው። ሸክላው ባረጀ መጠን የሚይዘው ሙቀት ስለሚበዛ፣ አዲስ ነዳጅን መነሻ አድርጎ የተሰላ የደኅንነት ወሰን ላረጀው ነዳጅ ሊጠብ ይችላል።

ለችግሩ መፍትሔ ከሚፈለግባቸው መንገዶች አንዱ ሌላ ሸክላ መምረጥ ነው። ዩራኒየም ናይትራይድ በኤሌክትሮኖች ጭምር ሙቀት ስለሚያስተላልፍ አቅሙ ከዩራኒየም ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ኤሌክትሮንን በነጠላ ጉድለት ማሰናከልም ፎኖንን የማሰናከል ያህል ቀላል አይደለም። ሆኖም ከውሃ ጋር የመዋሐድ ዝንባሌው ገና መላ የሚሻ ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል ለቱቦነት የታሰበው ሲሊኮን ካርባይድ ሲመረት ሙቀት በሚገባ የሚያስተላልፍ ሸክላ ቢሆንም፣ በፎኖን ስለሚሠራ በአነስተኛ ጨረራ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት አብዛኛውን አቅሙን ያጣል። ስለዚህ አዲስ ቁስ ሲቀርብ ተቀዳሚው ጥያቄ ዛሬ ምን ያህል ያስተላልፋል የሚለው ብቻ ሊሆን አይችልም።

ነዳጁ ከሪአክተር ከወጣ በኋላም ነገሩ አያበቃም። በውስጡ ያሉት ከባድ አቶሞች አልፋ የሚባለውን ጨረር እየለቀቁ ለብዙ ዘመናት ድርድሩን መምታታቸውን ይቀጥላሉ፤ በዚያን ጊዜ ግን እንክብሉ ስለቀዘቀዘ ቁስሉን የሚጠግነው እሳት የለም። በመጋዘን ዓመታት ያሳለፈ ነዳጅ ናሙና በሌዘር ሲመታ ሙቀቱ ማዶ ለመድረስ የሚዘገይባት ያች የሰከንድ ክፍልፋይ፣ ሸክላው በሪአክተር ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከወጣም በኋላ የኖረበትን ዘመን ትቆጥራለች፤ ነዳጁን የሚያስተዳድር ሁሉ በዕቅዱ ውስጥ ሊያስገባው የሚገባውም ይኸው የዘገየ ጊዜ ነው።